ከደመወዝ ባሻገር፦ የሠራተኛ ምስጋና በሞያሌ ድንበር

ሠራተኛን ማመስገን ሲባል ለብዙ አሠሪዎች በቅድሚያ የሚታያቸው በበጀት ዓመቱ ማብቂያ በአዳራሽ የሚታደለው የምስክር ወረቀትና ዋንጫ ሲሆን፣ ሠራተኛው በበኩሉ ስለ ምስጋና ሲነሳ የሚያስበው በአብዛኛው ሳይከፈለው የቀረውን የትርፍ ሰዓት፣ «ሥራ በዝቷል» ተብሎ የተነፈገውን ዕረፍትና ለዓመታት ሲያከናውነው ኖሮ ማንም ልብ ያላለለትን ሥራ ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ በሚዋሰኑባት በሞያሌ ይህ የዕይታ ልዩነት ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ጎልቶ ይወጣል፤ ምክንያቱም ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ የሁለት አገር ከተማ በመሆኗ በኢትዮጵያው ወገን ያለው ሠራተኛ በአንድ ሕግ፣ በጎዶማና በሌሎቹ የኬንያዋ ሞያሌ አካባቢዎች የሚሠራው ደግሞ በሌላ ሕግ ይተዳደራል። ቤተሰቡ፣ ገበያውና ቋንቋው ግን ድንበሩን ተሻግሮ የሚኖር ስለሆነ፣ አንዱ ወገን ለሥራው ምን እንደሚያገኝና እንዴት እንደሚያዝ ሌላው ከቅርብ ያያል።

ነገሩን በቅጡ ለመረዳት ዘወትር የሚቀላቀሉ ሦስት ጉዳዮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሠራተኛው በሕግና በውል የሚገባው ነው፤ ደመወዝ፣ የዓመት ዕረፍት፣ የወሊድ ፈቃድና የመሳሰለው በዚህ ውስጥ ይካተታል። ሁለተኛው ማበረታቻ ሲሆን፣ ለተጨማሪ ውጤት የሚከፈለውን ጉርሻ፣ በብዙዎች አጠራር ቦነስን፣ እንዲሁም ኮሚሽንን ያጠቃልላል። ሦስተኛው ዕውቅና ወይም ምስጋና የሚባለው ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው ያከናወነው ሥራ መታየቱንና ዋጋ እንዳለው ሥራውን ከሚያውቅ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ነው። የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በግልጽ ይለያቸዋል፤ ደመወዝ ማለት ሠራተኛው በሥራ ውሉ መሠረት ለሚያከናውነው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ መሆኑን ደንግጎ፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ ውሎ አበልን፣ ጉርሻን፣ ኮሚሽንንና ሌሎች ማበረታቻዎችን ከደመወዝ ትርጓሜ ውጭ ያደርጋቸዋል። ይህም በተግባር ጉርሻ የደመወዝን ቦታ ሊተካ አይችልም ማለት ነው።

በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ሕጎች ለሠራተኛ የሚገባውን በተለያየ መጠን ይሰፍራሉ። በኢትዮጵያው አዋጅ አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት፣ ከዚያ በኋላ ለሚሰጠው ለእያንዳንዱ ሁለት ዓመት አገልግሎት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ቀን የዓመት ዕረፍት ያገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኬንያ የሥራ ቅጥር ሕግ በበኩሉ አስራ ሁለት ወር ላገለገለ ሠራተኛ ቢያንስ 21 የሥራ ቀናት ይሰጣል። ልጅ የተወለደለት አባት በኢትዮጵያ ሦስት ተከታታይ ቀናት፣ በኬንያ ሁለት ሳምንት ያርፋል፤ ለእናቲቱ ግን ኢትዮጵያ 120 ቀናት ስትፈቅድ ኬንያ ሦስት ወር ትፈቅዳለች። የኬንያው ሕግ በቀን ሥራ የተቀጠረ ሰው ቢያንስ ለአንድ ወር ያህል ሥራው ሳይቋረጥ ከቀጠለ ቅጥሩ ወደ ወርኃዊ ቅጥር እንዲለወጥ ያዝዛል፤ ይህም ጫኝና አውራጆች፣ የመጋዘን ጠባቂዎችና የሱቅ ረዳቶች በሚበዙባት የድንበር ከተማ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እነዚህ ሁሉ ግዴታዎች ስለሆኑ አሠሪው ስለፈጸማቸው ሊመሰገንባቸው አይገባም፤ ሠራተኛውም የሚገባውን ስለተቀበለ «ተመሰገንሁ» ሊል አይችልም። ከዚህ የሚከተለው ድምዳሜ ለብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚጎረብጥ ነው፤ የሚገባውን ያልከፈለ አሠሪ የሚሰጠው ምስጋና፣ ቃሉ ምንም ያህል ቢያምር፣ ዕዳን ለማዘግየት የሚቀርብ ምክንያት ከመሆን አያልፍም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጥናት በአሜሪካዋ ፒትስበርግ አካባቢ ወደ ሁለት መቶ የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ጠይቆ ይህንኑ በሌላ መንገድ አሳይቷል። በግኝቱ መሠረት ደመወዝ፣ የሥራ ቦታ ሁኔታና የአለቃ አያያዝ ሲጓደሉ ሠራተኛውን ያስመርራሉ፤ ሲሟሉ ግን ምሬቱን ከማስወገድ አልፈው በራሳቸው የሥራ ፍቅር አያሳድሩም። የሥራ ፍቅር የሚመጣው ከሥራው ከራሱ፣ ከተገኘው ውጤትና ያ ውጤት ከሚያገኘው ዕውቅና ነው። ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ በብዙ ተመራማሪዎች ተተችቷል፤ ሆኖም ምሬትን ማስወገድና ትጋትን ማሳደር ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማመልከቱ ዛሬም የሚጠቅም ነው፤ አንዱን ሠርቶ ሌላውን እንደሠሩ መቁጠር በየመሥሪያ ቤቱ የሚታይ ስሕተት ነውና።

በሞያሌ የሁለቱ መንግሥታት ሠራተኞች ጎን ለጎን የሚሠሩበት ሥፍራ ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. በጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና በወቅቱ የኬንያ ፕሬዚዳንት በነበሩት በኡሁሩ ኬንያታ የተመረቀው የጋራ የድንበር ኬላ ነው። የጋራ ኬላ አሠራር ቀደም ሲል መንገደኛውና የጭነት መኪናው በእያንዳንዱ አገር ለየብቻ ይቆሙ የነበረበትን አሠራር ወደ አንድ መቆሚያ የሚቀንስ ሲሆን፣ የመውጫውም የመግቢያውም ቁጥጥር በሚገቡበት አገር ኬላ እንዲጠናቀቅ የሁለቱም አገሮች የጉምሩክና የኢሚግሬሽን ባለሙያዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ይቀመጣሉ። ሥራቸው አንድ፣ ወረፋው አንድ፣ ሙቀቱም አንድ ሆኖ ሳለ ደመወዛቸው፣ አበላቸውና የደረጃ ዕድገታቸው በየአገራቸው የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይወሰናል። ጆን ስቴሲ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያቀረበው የፍትሐዊነት ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው፣ ሰው ያገኘውን ነገር የሚመዝነው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን ከድካሙ ጋር አነጻጽሮ፣ ይህንንም ከጎኑ ካለው ሰው ድካምና ዋጋ ጋር አስተያይቶ ነው፤ የጋራው ኬላ ደግሞ እንዲህ ያለውን ማነጻጸር የዕለት ተዕለት ነገር ያደርገዋል። የአንዱ አገር ኃላፊ የሌላውን አገር ደመወዝ ሊያስተካክል አይችልም፤ የራሱን ሠራተኛ በባልደረቦቹ ፊት በአክብሮት መያዝና ሥራውን በስሙ መጥቀስ ግን ከማንም ፈቃድ አይጠይቅበትም።

የድንበር ሠራተኛ ሥራ ሌላም ጠባይ አለው፤ በሚገባ ሲሠራ አይታይም። ሰነዱ በትክክል የተመረመረ ጭነት ያለ ችግር ያልፋል፤ ስለ እሱ የሚያወራ አይኖርም፤ ስሕተት የተገኘበት ግን ስሙ በየስብሰባው ይነሳል። በአዲስ አበባ መንግሥት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ታማኝ ግብር ከፋዮችን በፕላቲኒየም፣ በወርቅና በብር ደረጃ መሸለምን ልማድ አድርጓል፤ መልካም ልማድ ነው። ይሁንና የሚሰበሰበው ቀረጥ ከከፋዩ እጅ ወደ መንግሥት ካዝና እስኪገባ በየኬላው በፀሐይና በሌሊት የሚቆም ሰው መኖሩ ተመሳሳይ ትኩረት ሊያገኝ ይገባል። ሁለቱም መንግሥታት ሩቅና አስቸጋሪ በሆኑ አካባቢዎች ለሚሠሩ ሠራተኞቻቸው የተለየ አበል አላቸው፤ በኢትዮጵያ የበረሃ አበል የሚባለው ይታወቃል፤ በኬንያም ሞያሌ የምትገኝበት ማርሳቢት ካውንቲ አስቸጋሪ ተብለው ከተመደቡት አካባቢዎች አንዱ ነው። አበሉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዕውቅና የሚሰጠው ለሥፍራው አስቸጋሪነት እንጂ በዚያ ሥፍራ የታገሠው ሰው ለሠራው ሥራ አይደለም፤ ለተጋውም ለሰነፉም እኩል ይከፈላል።

ምስጋናና ክፍያ ሲምታቱ የሚመጣው ጉዳት ከሁሉ ይልቅ በጉልህ የታየው በማኅበረሰብ ጤና ሥራ ነው። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምን ስትጀምር የወሰደችው አቋም በብዙ አገሮች ከነበረው የተለየ ነበር፤ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው የሚመደቡትን፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑትን ሠራተኞች ለአንድ ዓመት አሠልጥና የመንግሥት ደመወዝተኛ አደረገቻቸው፤ ቁጥራቸውም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ30,000 በላይ ደረሰ። ከእነሱ በታች ግን ቤት ለቤት የሚቀሰቅሱት፣ ነፍሰ ጡሮችን ወደ ጤና ጣቢያ የሚልኩት የሴቶች ልማት ሠራዊት አባላት ያለ ክፍያ የሚሠሩ ሆኑ፤ የሚያገኙትም በስብሰባ ላይ የሚነገር ውዳሴና «ሞዴል» የሚል ስም ነበር።

አንትሮፖሎጂስቱ ኬኔት ሜስ በመጀመሪያ በአዲስ አበባ የኤች አይ ቪ ሕሙማንን በየቤታቸው የሚንከባከቡ በጎ ፈቃደኞችን፣ በኋላም ከባልደረቦቹ ጋር በገጠር የልማት ሠራዊት አባል የሆኑ ሴቶችን አጥንቷል። በአዲስ አበባ ያገኛቸው አገልጋዮች ለሥራቸው ጥልቅ ፍቅር የነበራቸውና ከፈጣሪ ዋጋ እንደሚጠብቁ የሚናገሩ ሲሆኑ፣ የምግብ ዋጋ በናረበት በዚያ ወቅት ብዙዎቹ ራሳቸው የሚበሉትን ለማግኘት የሚቸገሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የገጠሩ ጥናት ደግሞ የልማት ሠራዊት መሪዎች የሆኑት ሴቶች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ በኑሮ የተጎዱና በጭንቀት የተያዙ መሆናቸውን አሳየ። ለነዚህ ሴቶች ውዳሴው ሐሰት አልነበረም፤ ብዙዎቹ በሕዝብ ፊት መከበራቸውን ይወዱት ነበር። ችግሩ ውዳሴው የመጣው በክፍያ ላይ ሳይሆን በክፍያ ፋንታ መሆኑ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚለው የአበው ንግግር ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

በኬንያው ወገንም ታሪኩ ተመሳሳይ መነሻ ነበረው። ለረጅም ዘመን በጎ ፈቃደኞች ተብለው የሚጠሩት የማኅበረሰብ ጤና አገልጋዮች መደበኛ ክፍያ ሳያገኙ ኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ወደ 100,000 ለሚጠጉት መሣሪያ የያዘ ቦርሳ በማደል አዲሱን ሥርዓት ሲጀምሩ በወር 5,000 ሽልንግ፣ ግማሹን ከማዕከላዊው መንግሥት ግማሹን ከካውንቲው፣ እንዲያገኙ ተወሰነ። ገንዘቡ ትንሽ ነው፤ ውሳኔው ግን የሥራውን ስም ለወጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ከሥራው ክብደትና ከሚጠይቀው ሰዓት ጋር የተመጣጠነ ክፍያ እንዲያገኙ መክሯል። እንግዲህ በጎዶማ ደጃፍ ለደጃፍ የምትዞረው አገልጋይና ከድንበሩ ማዶ ባለው ቀበሌ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በተለያየ መንገድ ተጉዘው ወደ አንድ እውነት ደርሰዋል፤ በመጀመሪያ ክፍያ፣ ከዚያ ምስጋና።

የሚገባው ከተከፈለ በኋላ ግን ምስጋና በራሱ ትልቅ ኃይል አለው፤ ይህም ግምት ብቻ ሳይሆን በሙከራ የተረጋገጠ ነው። አዳም ግራንትና ፍራንቼስካ ጂኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በስልክ ዕርዳታ የሚያሰባስቡ ሠራተኞችን በሁለት ቡድን ለዩአቸው፤ አንደኛውን ቡድን የክፍሉ ኃላፊ በአካል መጥታ ስለ ድካማቸው አመሰገነቻቸው፤ ሁለተኛው እንደወትሮው ቀጠለ። ደመወዛቸው ቋሚ ነበር፤ ሆኖም የተመሰገኑት በቀጣዩ ሳምንት ያደረጉት የስልክ ጥሪ ከ50 በመቶ በላይ ሲጨምር የሌሎቹ ባለበት ቆየ። ለአፍሪካ ቀረብ የሚለው ማስረጃ ከዛምቢያ የመጣ ነው። ናቫ አሽራፍና ባልደረቦቿ በሉሳካ ፀጉር ሠሪዎች ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሴቶች ኮንዶም እንዲሸጡ በተደረገበት ፕሮግራም ለአንዳንዶቹ ተጨማሪ የሽያጭ ትርፍ ሲሰጡ፣ ለሌሎቹ ግን በፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ በሸጡ ቁጥር ኮከብ የሚለጠፍበት ሰሌዳ ብቻ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት ኮከቡ የተለጠፈላቸው ከሌሎቹ ሁለት እጥፍ ሸጡ። ደንበኛው የሚያየው፣ ሥራው የማኅበረሰቡን ሕይወት እንደሚጠብቅ የሚመሰክር ምልክት ከትንሽ ገንዘብ በለጠ።

ሁሉም ሽልማት ግን ይህን ውጤት አያመጣም፤ እንዲያውም የሚጎዳ አለ። በአሜሪካ የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ አንድ ፋብሪካ ከሥራ ላልቀሩና ላልዘገዩ ሠራተኞች ሽልማት ማዘጋጀት ሲጀምር አንዳንዶቹ ለሽልማቱ ብቁ እስከሆኑ ድረስ ብቻ ሰዓት አክብረው ሲገኙ፣ ያለ ሽልማት ቀድሞውኑ በትጋት ይሠሩ የነበሩት ግን ቅር ተሰኝተው ምርታቸው ቀነሰ። ሳይጠየቁ ሲታመኑ ለኖሩት ያ ሽልማት እስከዚያ ቀን ማንም እንዳላያቸው የሚናገር ነበር።

በኢትዮጵያ የመሥሪያ ቤቶች ታሪክም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። በደርግ ዘመን ፋብሪካዎችና መሥሪያ ቤቶች «ኮከብ ሠራተኛ» እያሉ ይሸልሙ የነበረው ልማድ ከሶሻሊስት አገሮች ልምድ ጋር የሚዛመድ ነበር። የዚያ ልምድ ምንጭ የሆነው የሶቪየቱ የከሰል ቆፋሪ አሌክሴይ ስታኻኖቭ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 31 ቀን 1935 በአንድ ፈረቃ 102 ቶን ከሰል ቆፈረ ተብሎ በአገሩ ሁሉ የተወደሰ ሰው ነው። እሱ ሳያቋርጥ እንዲቆፍር ዋሻውን በእንጨት እየደገፉ የተከተሉት ሁለት ሠራተኞች ግን ከክብሩ ድርሻ አላገኙም። በየዓመቱ አንድ ሰው ብቻ መርጦ የሚሸልም መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህ አደጋ አለበት፤ ፋይሉን ያደራጀችው፣ ሻይ የምታፈላው፣ ጀነሬተሩን ሌሊት የሚጠብቀው ከመድረኩ ውጭ ይቀራሉ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ሽልማቱ በተራ ስለሚዞር ወይም ለአለቃ ለሚቀርበው ስለሚሰጥ ተሸላሚው ራሱ ያፍርበታል።

በሞያሌ ዙሪያ ያለው ሕዝብ ከዚህ የተሻለ ልማድ ከጥንት አለው። የቦረና ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች በብዙ ሰው ጉልበት የሚቆፈሩ ሲሆኑ፣ ቁፋሮውን የጀመረው ሰው «አባ ኮንፊ» ተብሎ በጉድጓዱ ላይ ቅድሚያ ይሰጠዋል፤ ክብሩም ለዘሩ ይተላለፋል። ለቁፋሮው የተሰበሰቡት ሠራተኞችም ከብት ታርዶላቸው ይመገባሉ፤ የዕለቱን የማጠጣት ተራ የሚያስተዳድረው «አባ ሄሬጋ» ደግሞ የራሱ ስምና ሥልጣን አለው። በዚህ ሥርዓት ሐሳብ ያመነጨው፣ ጉልበቱን የሰጠውና ሥራውን በየቀኑ የሚጠብቀው እያንዳንዳቸው በድርሻቸው ይታወቃሉ። በደጋው የደቦ ሥራም ባለእርሻው ለመጡለት ሁሉ ጠላና ምግብ አቅርቦ፣ መርቆና ተመራርቆ ይለያያል፤ በሌላ ቀን ደግሞ እሱ በተራው በጎረቤቱ እርሻ ይገኛል። በሁለቱም ልማዶች ምስጋና የሚሰጠው ሥራው በተሠራበት ሥፍራና ጊዜ፣ ሥራውን በዓይናቸው ባዩ ሰዎች ነው፤ ዘመናዊው ጥናት ብዙ ደክሞ ያገኘውም ይህንኑ ነው።

ለሞያሌ አሠሪዎች፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ እስከ ባለ ሱቁና ባለ መጋዘኑ ድረስ፣ ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ምስጋና ስለ ምን እንደሆነ ለይቶ መናገር አለበት፤ «በርቱ» ብሎ ሁሉንም በጅምላ ማለፍ ማንንም አያስታውስም፤ «ትናንት ሌሊት የመጣውን ጭነት ሳይበላሽ በማራገፍህ» ማለት ግን ሰውየው መታየቱን ይነግረዋል። ጊዜውም ከሥራው መራቅ የለበትም፤ በመስከረም የተሠራ ሥራ በሰኔ ስብሰባ ሲነሳ የሠራው ሰው ምናልባት ሥራ ለቋል። ከአለቃ ይልቅ ደግሞ የተገለገለው ሰው ምስክርነት ይከብዳል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት እጩዎቹን ሕዝብ እንዲጠቁም ማድረጉና የመንግሥት ኃላፊነታቸውን በብቃት የተወጡትን እንደ አንድ ዘርፍ መያዙ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው። በኬላው የሚያልፉ ሾፌሮችና ነጋዴዎች ያገለገላቸውን ባለሙያ በስሙ ጠቅሰው ለኃላፊው የሚጽፉበት መዝገብ ቢኖር፣ ቅሬታ ብቻ የሚገባበት ሳጥን ያላደረገውን ያደርጋል።

ከሁሉ በላይ ለድንበር ሠራተኛ የሚጠቅመው አንድ የምስጋና ዓይነት አለ፤ እሱም የሥራ ምስክርነት ደብዳቤ ነው። የኢትዮጵያው አዋጅ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ወይም ሲሰናበት የሠራውን ሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጠው አሠሪውን ያስገድዳል፤ የኬንያውም ሕግ ቢያንስ አራት ተከታታይ ሳምንት ለሠራ ሰው የአገልግሎት ማስረጃ እንዲሰጠው ያዝዛል፤ ነገር ግን የኬንያው ሕግ ስለ ሠራተኛው ጠባይና ብቃት መመስከርን የማንም አሠሪ ግዴታ እንዳልሆነ በግልጽ ያስቀምጣል። ሕጉ የሚቆመው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ለአሠሪው ልብ የተተወ ነው። ለዓመታት በታማኝነት ያገለገለ የመጋዘን ሠራተኛ ወይም ሻጭ ድንበሩን ተሻግሮ ሌላ ሥራ ሲጠይቅ በማያውቀው አሠሪ ፊት የሚቆምለት ይህ ወረቀት ብቻ ነው። ስለዚህ በሞያሌም ሆነ በሌላ ከተማ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ሁሉ የሠራተኛውን የወር ሒሳብ በቀኑ ከፍሎ ሲያበቃ፣ ሳይጠየቅ፣ ሠራተኛው ከመሰናበቱም በፊት፣ በደንብ የሠራውን ሥራ በስሙና በዝርዝር ጽፎ፣ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ ይስጠው።